የሚዜው ፎቶ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ከደሴ ተራራ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ እናት ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ይመር ባጃጅ ይነዳል። ታናሹ ሰይፉ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ከርሞ ባሕር ሊሻገር ወጣ፤ ከጊዜ በኋላ ጀልባዋ ከነተሳፋሪዎቿ ሰጠመች ተብሎ ከማዶ ስልክ ተደወለ። አስከሬን አልመጣም፣ መቃብርም የለም።

በዚያች ከተማ ደንብ ሬሳው ያልተገኘ ሰው የሚለቀሰው በፎቶው ነው። ፎቶው ተለቅ ተደርጎ ይታተምና መስታወት ይገባል፤ ከዚያ አንድ ሰው ደረቱ ላይ ይዞት ከለቀስተኛው ፊት ይቆማል። እናት አትይዘውም፤ እናትማ ራሷም በሰው ተደግፋ ነው የምትቆመው። ፎቶውን የያዘ የሟች የቅርብ ሰው ነው። አገሩ ሁሉ መጀመሪያ «እግዜር ያጥናህ» የሚለው እሱን ነው፤ ፎቶውም ከዚያ ወዲያ በእሱ ቤት ይሰቀላል።

ችግሩ ሰይፉ ፎቶ አልነበረውም። ሰው ምሳውን እንኳ ፎቶ ሳያነሳ በማይበላበት ዘመን ይህ እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። ሆነ። ልጁ ካሜራ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ዓይን አፋር ነበር። ቤት የነበረችውን አንዲት ጉርድ ፎቶ ለመንገዱ ብሎ ይዟት ሄደ፤ አብራው ሰጠመች። የሚወዳት ልጅ ዘቢደር በስልኳ ጥቂት ነበራት። ነገር ግን ወይዘሮ ደብሪቱ «ይቺ ልጅ ደጄን አትረግጥም» ብለው ሽማግሌ እንዳይላክ ሲከለክሉ፣ ሰይፉም አፉን ይዞ ሲቀር፣ ዘቢደር በንዴት አንድ ሳታስቀር አጥፍታቸዋለች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ኋላ ጣቷን ብትነክስ ምን ዋጋ አለው።

ወይዘሮ ደብሪቱን የጨነቃቸው የደንቡ ነገር ብቻ አልነበረም። የልጃቸው ፊት እየጠፋባቸው ነበር። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ድምፁ ይመጣል፣ አረማመዱም ይመጣል፣ ፊቱ ግን እምቢ ይላል። ይህን ለማንም መናገር አፈሩ። እናት የልጇን መልክ ረሳች ሊባል ነው። ለቅሶው በመጣባቸው ቁጥር ማንን እንደሚያለቅሱ ግራ እየገባቸው ደርቀው ይቀመጡ ነበር።

አንድ ተስፋ ቀረ። ሰይፉ ከመሄዱ በፊት ለአብሮ አደጉ ለደምሰው አንደኛ ሚዜ ሆኖ ነበር። በእንግዶቹ ስልክ ያለው ጀርባውና ትከሻው ብቻ ቢሆንም፣ ሚዜ ከሠርግ አንሺው ካሜራ ወዴት ይሸሻል? ወይዘሮ ደብሪቱ ሠርጉን ወዳነሳው ወደ ሲራክ ፎቶ ቤት ሄዱ። ሲራክ አቀረቀረ። የሠርጉ ፎቶ ሳይታተም፣ ቪዲዮውም ሳይቀናበር፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳ ብሎ ቀረ። ቢነካካው፣ ቢለምነው፣ መስኮቱ ጥቁር ነው። ተስፋ ሲቆርጥ ለቁራሌ ሰጠው። ወይዘሮ ደብሪቱ ኮምፒውተሩ የነበረበትን ባዶ ጠረጴዛ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ልጄ እዚያ ውስጥ ነበር ማለት ነው?» አሉ።



ወሬው ዘቢደር ዘንድ ሲደርስ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ብረታ ብረት ተራ ወረደች። ከዝገት ክምር መሀል፣ ጎኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም «ሲራክ» ተብሎ የተጻፈበትን የኮምፒውተር ሳጥን አገኘችው። ቁራሌው ሊፈለቅቀው መዶሻውን አንስቶ ነበር። ሄዳ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለችበት። ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ እንደ ነጋዴ ማሰብ ጀመረ። ዘቢደር የጆሮዋን ጉትቻ አውልቃ ሰጠችው። ጉትቻውን የገዛላት ሰይፉ ነበር፤ ከእሱ የቀራትም ያ ብቻ ነው። ሳጥኑን ተሸክማ ወደተከለከለችው ቤት መጣችና የበሩ ደፍ ላይ አኖረችው። ወይዘሮ ደብሪቱ ደንግጠው ግቢ ቢሏት ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ አልገባም፣ እትዬ። ዕቃው ይግባ» ብላ ተመለሰች።

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግን ኑሪያ የምትባል ሴት አለች። በስልክ ሲጠይቋት፣ ሳጥኑ ቢሞትም ፎቶው ያለው ውስጡ ባለች ሃርድ ዲስክ በምትባል ዕቃ ነው፣ እሷን ብቻ አምጡልኝ፣ ነገር ግን ከወደቀች ወይም ውሃ ከነካት አለቀላት አለች። ሲራክ ፈትቶ አወጣት። ጊዜው ክረምት ነው፤ ናዳ መንገዱን ዘግቶታል። ይመር ባጃጁን አቁሞ፣ ዕቃዋን በላስቲክና በእናቱ ጋቢ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አስሮ በእግሩ ተራራውን ያዘ። ሰይፉን ባሕር ከሚያሻግረው ደላላ ጋር ያገናኘው እሱ ነበር። መርዶው ከመጣ ወዲህ እናቱ ምግብ ያቀርቡለታል እንጂ ዓይኑን አያዩም። ወንዙን ሲሻገር አዳለጠው። በእጁ ቢመረኮዝ ይተርፍ ነበር፤ እጆቹ ግን ደረቱ ላይ ያለውን አልለቅም አሉ። በክርኑ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ኑሪያ ክንዱን አይታ ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው፣ «መጀመሪያ እሱን እይልኝ» አላት።

ሙሽራው ደምሰው ደሴ ነው የሚሠራው፤ ወሬውን ሰምቶ ኑሪያ ሱቅ ቀድሞ ደርሷል። እሱም በዚያች ዕቃ ውስጥ የሚፈልገው ነበረው። አባቱ በሠርጉ ቀን ከአልጋቸው ተደግፈው ተነሥተው ሲመርቁት ተቀርጸዋል። ወሩ ሳይሞላ ዐረፉ። ድምፃቸው ያለው እዚያ ብቻ ነው። ኑሪያ ዕቃዋን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ስታያይዛት ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረች። ኑሪያ ፊቷ ተለወጠ። ይህቺ ጥቂት ታነብና ትሞታለች፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትሽ ልጁን ፈልጊ ካላችሁኝ ቪዲዮው አይተርፍም፣ በቪዲዮው ከጀመርኩ ፎቶው አይደርስም፣ ምረጡ አለች። ሠርጉ የደምሰው ነውና ዓይኗን እሱ ላይ ጣለች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ይመር በደወለላቸው ስልክ ከቤታቸው ሆነው ሁሉን ይሰሙ ነበር። ልጄን አውጡልኝ ማለት አማራቸው። የሰው አባት ድምፅ አጥፉልኝ ማለት ሆነባቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ከወዲያ ያ ቀጭ ቀጭ ብቻ ይሰማል።

«የሰይፉን ፊት አውጪ» አለ ደምሰው።

ኬክ ወጣ፤ አክስቶች ወጡ፤ የሚጨፍር ሰው ጀርባ ወጣ። ከዚያ ሰይፉ የደምሰውን ኮሌታ ሲያቃና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ወጣ። ከትከሻው በላይ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በታች ግን ዕቃዋ ማንበብ አቅቷት ግራጫ ሆኖ ቀረ። ወዲያው ቀጭታው ቆመ። የአባትየው ምርቃት አልተመለሰም። ደምሰው ውጭ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ እንዳለቀሰ ኋላ ይመር ተናገረ።

የለቅሶው ቀን ፎቶው በመስታወት ሆኖ መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሲያዩት፣ «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው እኮ» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው ወረደ። ልጃቸው ፊቱ መጣ፤ ገላው እንደሆነ በፎቶውም አልመጣም።

ድንኳኑ ሞላ። ይያዝ ሲባል ሦስት ሰው ተነሣ። ዘቢደር ጆሮዋ ባዶ ነው፤ ይመር ክንዱ ታስሯል፤ ደምሰው ጥቁር ለብሷል። የእድሩ ዳኛ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ፤ ወንድሙ ይያዝ» አሉ። አንዲት ሴትዮ ከወዲያ ሆነው፣ ከመዶሻ ሥር ያወጣችው ባትኖር ወንድሙ ምን ይዞ ይሄድ ነበር ብለው ተከራከሩ። ሌላው ሽማግሌ ደግሞ ሁለቱም ያመጡት የተዘጋ ብረት ነው፣ በአባቱ ድምፅ የከፈተው ሙሽራው ነው አሉ። ሦስቱ ግን አልተከራከሩም። እጃቸውን ብቻ ዘረጉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ፎቶውን ፊቱን ወደ ደረታቸው አድርገው ያዙት። ለዘቢደር ቢሰጡ፣ በሕይወቱ የከለከሉትን ሚስት ከሞተ በኋላ ማጋባታቸው ነው። ለይመር ቢነፍጉ፣ ወንድምህን ገደልክ ብለው በአገር ፊት መፍረዳቸው ነው፤ የቀራቸውም ልጅ እሱ ብቻ ነው። ደምሰውን ቢያልፉት ደግሞ አባቱን ሁለተኛ የቀበረው በከንቱ ሊሆን ነው። ደጋፊዎቹ በብብታቸው ይዘዋቸዋል። ለቀስተኛው ይጠብቃል፤ ሦስቱም እጆች እንደተዘረጉ ናቸው።

እንግዲህ እናንተ ከዚያ ድንኳን ብትኖሩና ወይዘሮ ደብሪቱ ዞር ብለው ቢያዩአችሁ፣ ፎቶው ለማን ይገባል ትሏቸው ነበር?