ቀይ ክር የታሰረበት ዚፕ

አንድ ሰው ነበረ። የአንዲት የፋብሪካ ከተማ የአትሌቲክስ ክለብ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዙልኝ።

ክለቡን ያቋቋመውና ገንዘብ የሚሰጠው የከተማዋ የክር ፋብሪካ ነበር። ገበያ ቀዘቀዘ። በሦስት ፈረቃ ይሠራ የነበረው ፋብሪካ በአንድ ቀረ። የክለቡ ኮሚቴም ተሰበሰበ። መጀመሪያ ምን ተቀነሰ? የኮሚቴው አበል? አይደለም። የሊቀመንበሩ ነዳጅ? እሱም አይደለም። የታዳጊዎቹ ሩጫ ነው። ማስታወቂያው «ለጊዜው ተቋርጧል» ይላል። «ለጊዜው» የምትለዋን ያስገባት ይኸው ሰውዬ ነው፤ ልጆቹን እንዳይከፋቸው ብሎ።

ከዚያ ልጆቹ ንብረት መልሱ ተባሉ። ቱታቸውን አጥበው፣ አጥፈው አመጡ። ከእነሱ መካከል ዘቢደር የምትባል የአምስት ሺህ ሜትር ሯጭ ነበረች። የክልሉ የሯጮች ምርጫ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ክለብ ባይኖርም ብቻዋን ተለማምዳ ልትሄድ ቆርጣለች።

«ጋሼ፣ ምርጫው እስኪያልፍ ብቻ ይቆይልኝ። የጠዋቱ ብርድ ጡንቻዬን ይይዘዋል» አለችው።

መመሪያ ነው አላት። ደግሞም ለጊዜው ነው አላት። ፈርማ አስረከበች። በስስ ሹራብ ስትሮጥ በሁለተኛው ሳምንት የጭኗ ጡንቻ ተጎዳ። ምርጫው ያለ እሷ አለፈ።

ክረምት ገባ። ሰውዬው ከመደርደሪያው አንዱን ቱታ አነሣ። ብል ከሚበላው ለጊዜው ልልበሰው አለ። አያችኋት ያቺን ቃል? ቱታው ለልጆቹ ሰፊ፣ ለእሱ ግን ልክ ነበር፤ ሲገዛ ማን እንደተለካ እንጃ። የዚፑ መያዣ ተሰብሮ በምትኩ ቀይ ክር ታስሮበታል። በየጠዋቱ ያን ክር ይስባል። ማን አሰረው ብሎ ግን አንድ ቀንም አልጠየቀም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጣ። ዘቢደር ድንች ስትሸጥ አያት። ሊመለስ አሰበ፤ ግን አይታዋለች። ፀሐይዋ በረታች፣ አላበው፣ ዚፑን ሳበ። እምቢ አለ። ሲታገል ሻጮቹ ሳቁ። አንዷ፣ ጋሼ ዛሬ ስንተኛ ሊወጡ ነው አለችው።

ዘቢደር አልሳቀችም። ተነሥታ ተጠጋችው።

«ይነክሳል ጋሼ» አለችው በቀስታ። «ክሩን ወደ ግራ ያዝ አድርገው ይሳቡት። እኔም እንደዚያ ነበር የምከፍተው።»

ዚፑ ተከፈተ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው ለመፍረድ አትቸኩሉ። ኑሮ ሲከብድ በየቤታችሁ መጀመሪያ ልብሱን የምታስወልቁት ማንን ነው? ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ነው? ወይስ አጥቦ፣ አጥፎ የሚመልሰውን?

እኛስ? አምና የቤተ ክርስቲያናችን መባ ሲያንስ የቅዳሜውን የልጆች ስፖርት ለጊዜው ብለን አቆምን። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። እጄን አውጥቻለሁ። ከኋላዬ የምታዩት አዲሱ መጋረጃ ግን ከመገዛት አልቀረም። ዓመት ሆነው፤ አንዳችንም «ያ ጊዜው አላለፈም ወይ?» ብለን አልጠየቅንም።

ልጆቹ ዛሬ እዚህ አሉ፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መጋረጃውን ስንሰቅል መሰላሉን የያዙልን እነሱ ናቸው።

እባካችሁ፣ ስትወጡ በእነሱ በኩል ውጡ። ቀና ብላችሁም እዩዋቸው። እኔ ገና አልቻልኩም።