የአያ ደምለው ክዳን

መጀመሪያ የተሰማው መዶሻ ነው፤ ኳ! ኳ! ኳ! ድምፁን ተከትሎ አቀበቱን የወጣ ሰው አያ ደምለው ሳሩን ገፎ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ አየ። እኛ አገር ድስት የሚገጠምበትም፣ ገላ የሚሸፈንበትም፣ ቤት የሚለብሰውም ያው ክዳን ነው፤ የውስጡን ከውጭው ይከልላል ተብሎ። ጉረኛ ባየን ቁጥር የምንተርታት ተረት ግን ከዚህ ክዳን በፊት አልነበረችም።

ደምለው ለቆርቆሮው ሲል ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ሸጧል። በቀረው በአንዱ እንዴት እንደሚያርስ ሲጠይቁት ወደ ጣራው ቀና ብሎ ፈገግ ይላል፤ ቤቱን ሊጠምደው ሳያስብ አልቀረም።

ልጁ እንጉዳይ ጣራውን ከጉዳይም አልጣፈችው። የማዶውን ስንሻውን ገበያ መንገድ ላይ ካየችው ወዲህ ሌላ ወንድ፣ ወንድ አልመስላት ብሏል። አባቷ ለስንሻው ሽማግሌዎች «እሺ» ካላለ፣ የሚጠብቃት ሚስቱም ጥርሱም ያለቁበት የአጎቷ ወዳጅ ነው።

በሚያዝያ አንድ እሑድ መምሬ አንሙትና አያ ገላነህ ለሽምግልና መጡ። እንደ ወጉ ደጅ ቆሙ፤ የልጅቷ አባት «ግቡ» ካላለ አይገባም። እንጉዳይ በግድግዳው ስንጥቅ ታያለች።

«ለጉዳይ ነበር አመጣጣችን» አሉ መምሬ።

«ይደርሳል መምሬ! አስቀድመው ይችን ይዩልኝ። ከወዲያ በኩል ሲያዩዋት ደግሞ ሌላ ናት!»

ዞሩ። ደምለው ስለ እያንዳንዱ ምስማር ሲተርክ ሰማዩ ጠቆረ፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አስገባቸው!» ስትል ሚስቱ ሙጬ ከውስጥ ጮኸች።

«ቆይ አንቺ! ጀርባውን መች አዩት? ስሙት እንጂ መምሬ፣ ሲመታው እንዴት እንደሚዘፍን! ሳር ይህን ያውቅበታል?»

ይህን የሚለው እሱ ራሱ ከደጃፉ ገባ ብሎ ነው። ሳር የሚመጠውን ውኃ ቆርቆሮው አንድም ጠብታ ሳያስቀር ሰብስቦ በመምሬ ጥምጥም ላይ ያንቆረቁረዋል።

«እሺ፣ ጉዳያችሁ ምን ነበር?» አለ ደምለው፣ ሲበቃው።

መምሬ ጥምጥማቸውን ፈቱ፤ ጨመቁት፤ ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። የስንሻውን ስም እንኳ ሳያነሱ ቁልቁለቱን ወረዱ። እንጉዳይ ከስንጥቁ ዐይኗን መንቀል አቃታት።

«ምን ነካቸው?» አለ ደምለው።

አያ ገላነህ የጋቢውን ጫፍ እየጨመቀ፣ «ምን ይነካቸዋል ወንድሜ» አለው፤ «ክዳኑን ስታሳየን፣ ዝናቡ አገኘን።»