ጉርሻ የነፈገው ወንድም

አበው «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ። መልካም ብሂል ነው። ነገር ግን ልብ ራሱ ተከራካሪ በሆነበት ችሎት ፍርዱን ማን ያምነዋል? ዛሬ ይህን ብሂል በአንድ ሰው ቤት እንመዝነው።

አንድ ሰው በጉራጌ ምድር፣ በመስቀል በዓል ማለዳ፣ ከእሳት ፊት ተቀምጦ ነበር። ጭጋግ ወርዷል። ከእንሰቱ ቅጠል ጤዛ ይንጠባጠባል። የምድጃው ጢስ በክዳኑ ሣር እየሾለከ ከጭጋጉ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ቤቱ የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩም የት እንደሚጀምር አይለይም። ሰውየው ሳህሌ ይባላል። በፊቱ መክተፊያ፣ በመክተፊያው ላይ ክትፎ አለ፤ ከኋላው ታናሽ እኅቱ ዘርፌ በጋቢ ተጠቅልላ ጋደም ብላለች።

ዘርፌ ከሞት አፋፍ የተመለሰች ናት። ኩላሊቶቿ በደከሙ ጊዜ ሳህሌ ከገዛ ጎኑ አንዱን ሰጣት። ሰውነቷ ያን እንግዳ አካል እንዳይገፋው፣ የሰውነትን ዘብ የሚያስተኛ መድኃኒት ትወስዳለች። ዘቡ ከተኛ ታዲያ፣ ሌላውን ሰው ከአልጋ የማይጥል ተሕዋስ እርሷን ይገድላል። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ የሙቀት መለኪያ ለሳህሌ ሰጥቶ እንዲህ አለው፦

«ሙሉ ሙዳ ሥጋ ስልሳ ሦስት ዲግሪ ደርሶ ጥቂት ይረፍ። ዶሮ ሰባ አራት ይድረስ። የተከተፈ ሥጋ ሰባ አንድ። በሙዳው ላይ ተሕዋስያኑ የሚበዙት ከውጭ ነው፤ ቢላዋ ሲከትፈው ግን የውጭውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። እሳቱም እስከ ውስጥ ሊገባ ይገባል። ዓይንህን አትመን።»

ወገኖቼ፣ ምክሩ ግልጽ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቤት ልማድ የመስቀልን የመጀመሪያ ጉርሻ ታላቅ ወንድም ለእኅቱ ያጎርሳል፤ ክትፎውም ቢበዛ ለብ ለብ ነው። አብስሎ ማቅረብ የመጣን ሰው እንደ መናቅ ይቆጠራል።

«ወንድምዬ» አለች ዘርፌ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ሆስፒታል ተኝቼ ይኸን ቅቤ በሕልሜ አሸተው ነበር። ስነቃ የመድኃኒት ሽታ ብቻ። አሁንስ ሕልም ነው እንዴ?»

«ሕልም አይደለም። መጥተሻል።»

«እንግዲያው አጉርሰኛ!»

ሳህሌ ክትፎውን በቅቤው በብረት ምጣድ አማሰለ። ቀይ የነበረው ቡኒ ሆነ። ዓይኑ አየ። ልቡም ፈጥኖ ፈረደ፤ «በስሏል» አለ። እጁን ዘረጋ።

በዚያች ቅጽበት ከቅቤው እንፋሎት ውስጥ አንድ ረጅም ነጭ የሆስፒታል መተላለፊያ የታየው መሰለው። የእኅቱ አልጋ ያለ ድምፅ እየተንሸራተተ ይርቃል፤ ቢጠራት፣ ድምፁ እንደ ባዘቶ ጥጥ በአየር ላይ ተበትኖ ይቀራል። ሳህሌ እጁን ሰበሰበ። ክትፎውን ወደ መካከል ሰብስቦ መለኪያውን ተከለበት። ሃምሳ ስምንት።

ምጣዱን መልሶ ጣደው።

«ኧረ ተው አንተ ሰው!» አሉ በበሩ አጠገብ የተቀመጡት አጎታቸው ጋሽ ብርጋ። «ክትፎ ነው ወይስ የጫማ ሶል ልታበላን ነው? አባትህ ቢያይ ከመቃብሩ ተነሥቶ በመክተፊያው ነበር የሚልህ!»

ለበዓሉ የተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ ሳቀ። ዘርፌ ግን አልሳቀችም። ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ሳህሌ፣ ኩላሊትህን ሰጥተህ ጉርሻ ትነፍገኛለህ?»

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር? ጎኑ ሲቀደድ ሳህሌ በማደንዘዣ ተኝቶ ነበር። አሁን የሚቀደደው ግን ነቅቶ ነው።

«አዎ፣ እነፍግሻለሁ» አለ መለኪያውን እያየ። «ገና ስልሳ አምስት ነው። ጠብቂኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መለኪያው ሰባ አንድን ሲያልፍ የእርሷን በንጹሕ ጣባ አወጣላት። ከዚያም ለራሱ የተቀመጠውን ቀይ ክትፎ አንሥቶ ምጣዱ ላይ ገለበጠው። ጋሽ ብርጋ ራሳቸውን ያዙ። ሳህሌ የራሱንም እንዲሁ አብስሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከእኅቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«እኔም ይኸንኑ ነው የምበላው።»

«እስከ መቼ?»

«አንቺ ይኸን እስከበላሽ ድረስ።»

ዘርፌ ዞራ አየችው፤ አፏንም ከፈተች። አጎረሳት። ቀስ ብላ አኘከች። እንባዋ ወረደ።

«አሸዋ ነው» አለች።

«አሸዋ ነው» አለ እርሱም እያኘከ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ወገኖቼ ሆይ፣ ዓይን ማየቱን አይቷል፤ ነገር ግን ልብ የሚወደውን ነገር ለመጨረስ የሚቸኩል፣ ጉቦ የበላ ዳኛ ነው። ስኳር ላለበት አባታችሁ «ለዛሬ ብቻ» እያላችሁ ጠጅ የምትቀዱ፣ ያ ፍቅር ነውን? በሽማግሌ ፊት ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስማችሁ በማግስቱ ላለመገናኘት መንገድ የምትቀይሩ፣ ያ ይቅርታ ነውን? ከላይ ቡኒ መስሏል። ውስጡስ? እሳቱ እስከ ውስጥ ገብቷልን? አንድ ጊዜ ብዙ መስጠት ይቻላል፤ ሰዎች ያመሰግኑናል። እኅት እያኮረፈች፣ ዘመድ እየሳቀ፣ የቀሩትን ጥቂት ዲግሪዎች መጠበቅ ግን ማን ይችላል? ከጠበቃችሁም በኋላ፣ የከለከላችሁትን ነገር ለራሳችሁ ሳታስቀሩ ከተከለከለው ሰው ጋር አንድ ጣባ ትቀርቡ ዘንድ፣ የልባችንን ውስጥ የሚያውቅ አምላክ ይርዳችሁ።

ዘርፌ ዛሬ የምትኖረው ወልቂጤ ነው። ልብስ ትሰፋለች።