የሦስት ቤት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ከደሴ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ሉባባ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ጡት ሳታስጥላት ሞታለች፤ አባቷ ዐረብ አገር ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እናቷ ግን ሁለት እህትና አንድ ወንድም ነበሯት። ታላቋ ሰዓዳ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት። መካከለኛው ኑርዬ ከመስጊዱ ፊት ለፊት ሱቅ አለው። ትንሿ መዲና ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጅ አልወለደችም።

ሦስቱም «የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ትሁን» አሉ። ማንም እንዳይቀየም ተስማሙና በፈረቃ ያሳድጓት ጀመር፤ ጥቂት ቀን እዚህ፣ ጥቂት ቀን እዚያ። በሦስቱም ቤት መኝታ ተነጠፈላት። ሰፈርተኛው «የሦስት ቤት ልጅ፣ ምን ጎደላት!» ይል ነበር።

የዚያች ከተማ ሰው ለየቲም፣ ወላጅ ለሌለው ልጅ፣ አንጀቱ አይችልም። በዒድ ቀን ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው «ዒድ ሙባረክ» እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ፣ ለሌላው ልጅ አንድ ከረሜላ ከተሰጠ ለሉባባ እፍኝ ይሰጣታል። አናቷን ዳበስ አድርገው፣ «እናትሽን ጀነት ያግባልን» ብለው በኪሷ ይጨምሩላታል። ድሮ ለልጆች የሚታደለው ቴምር ነበር፤ ቴምሩም ቢሆን ለሁለት ተገምሶ። አሁን ከረሜላው በካርቶን ይመጣል፤ ምርቃቱም ምጽዋቱም በከረሜላ ሆኗል።

ሉባባ መጾም የጀመረችው በዚያ ዓመት ነው። ረመዳን ሲጋመስ መክሳት ጀመረች። ጾሙ ነው ተባለ። ውሃ ይጠማት ጀመር። ይህም ጾሙ ነው ተባለ፤ በረመዳን ያልጠማው ማን አለና? ማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ ጆጉን ከአፏ ሳታወርድ ስትጨልጥ ትልልቆቹ ይስቁባት ነበር።

«ይቺ ልጅ ከግመል ጋር ተወራርዳለች!» ይላል ኑርዬ።

ሰዓዳ ቤት በሰነበተችበት ጊዜ፣ ሰዓዳ አንድ ጠዋት ጓሮ ወጣች። ሉባባ ሌሊት ሽንቷን በምትሸናበት ጥግ ጉንዳን ተሰልፎ አየች። ይህን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይታ ታውቃለች፤ ባሏ በስኳር በሽታ ሊሞት ሰሞን። እዚያው ቁጭ አለች። ግን ዒድ ደርሷል፣ ለልጅቷም ቀሚስ ተሰፍቶላታል። «ዒዷን ተደስታ ትዋል፤ በማግስቱ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» አለች ለራሷ። ጉንዳኑ ላይ አመድ በትና ለማንም ሳትናገር ተወችው።

ኑርዬ ዘንድ ስትሄድ ሉባባ ካፈጠረች በኋላ ከሱቁ አትወጣም። ለስላሳ ስትለምነው እምቢ ማለት አይችልም። ጠርሙሱን ስትጨርስ ሌላ ይከፍትላታል። «ጠጪ የእኔ እናት፣ ሱቁ የማን ነውና! ሥጋሽን መልሺ እንጂ፣ አንዋርን አታይም?» ይላታል። አንዋር ልጁ ነው፤ ጉንጩ የሞላ፣ ቀበቶ የማይበቃው፣ ሰው ሁሉ «ማሻ አላህ» የሚልለት። አንዋርም ከጎኗ ቆሞ የራሱን ጠርሙስ ይጨልጣል።

መዲና ቤት ከረሜላም ለስላሳም አይገባም። «ጥርስ ጨራሽ ነው» ትላለች። እሷ ቤት ስትደርስ ሉባባ ፍራሽ ማርጠብ ጀመረች። አሥር ዓመት የሞላት ልጅ! መዲና ፍራሹን ፀሐይ ላይ እያሰጣች ተቆጣች፤ ሲደጋገም ገረፈቻት። በመጨረሻ መላ ያገኘች መሰላት፤ ከመኝታ በፊት የውሃውን ጀሪካን ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበት። ልጅቷ ሲነጋ ለሶላት መታጠቢያ በተቀመጠው ማንቆርቆሪያ አጠገብ ተኝታ ተገኘች። ለውዱእ የተቀዳውን ውሃ ጠጥታው ነበር።

ዒድ ሆነ። ሉባባ ስትዞር አርፍዳ፣ ኪሷም ፌስታሏም ሞልቶ፣ ዘመድ ሁሉ ለምሳ ወደተሰበሰበበት ወደ ሰዓዳ ቤት መጣች። በሩ ላይ አስመለሳትና ወደቀች። ከረሜላው በወለሉ ላይ ተበተነ። ትንፋሿ ቁና ቁና ይላል፤ ዓይኗ ተከፍቶ አያይም።

ጎረቤቱ ጮኸ። «ጾሙ ነው የጣላት!» «ስኳር! ስኳር በጥብጡላት!»

ወዲያው አንዷ ብርጭቆውን አቀረበች። ስኳሩ ከመብዛቱ የተነሳ ገና አልሟሟም። መዲና የልጅቷን ራስ ቀና አድርጋ ያዘችላት። ያን ጊዜ ሰዓዳ ብርጭቆውን ነጥቃ ከግድግዳው ጋር አጋጨችው።

«አንቺ፣ አብደሻል?» አለቻት መዲና።

«እንዳትነኳት! ስኳር ነው የያዛት! ጉንዳኑን አይቻለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ኑርዬ ምን ጉንዳን ብሎ አልጠየቀም። በር ላይ ለዒድ ገበያ ያስጫነው ባጃጅ ቆሞ ነበር። ከረሜላውን፣ ብስኩቱን፣ ለስላሳውን ካርቶን በካርቶን መንገድ ላይ እየገለበጠ ልጅቷንና መዲናን አስገባና ነዳ። ጠርሙሱ ተሰባበረ። ባጃጁ ገና ከዓይን ሳይርቅ የሰፈሩ ልጆች በተበተነው ከረሜላ ላይ ሰፈሩበት፤ አንዋርም በመካከላቸው ነበር። ሰዓዳ እያለቀሰች ከእጃቸው ልታስጥል ብትሞክር አንዳቸውም አልሰሟት።

ሐኪም ቤቱ ሲደርሱ ሐኪሙ የልጅቷን ጣት ወግቶ መሣሪያውን ተመለከተ። ቁጥር አልወጣም። ስኳሩ መሣሪያው ከሚቆጥረው በላይ ነበር።

«አሳዳጊዋ ማን ነው?» አለ። ሰዓዳም ከኋላ ተከትላ ደርሳ ነበርና ሦስቱም ባንድ ላይ «እኔ» አሉ።

«ይጠማት ነበር? ሽንትስ?»

ሰዓዳ የጉንዳኑን ተናገረች። ኑርዬ ስንት ጠርሙስ እንደሚከፍት ተናገረ። መዲና ፍራሹን ተናገረች፤ ድምጿ እየሰለለ ሄዶ የተቆለፈውንም ውሃ ተናገረች። ሦስቱ የሌላውን ሲሰሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። በየቤቱ ቁራጭ ቁራጩን አይተዋል፤ ማንም አልደመረውም። 

«ያንን የስኳር ውሃ ጠጥታዋለች?» አለ ሐኪሙ።

«አልጠጣችም።»

«ሌላ አንድ ሰዓት ብትቆዩ ኖሮ፣ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ።»

ሉባባ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ኑርዬ ግንባሩን በቡጢ እየመታ ሐኪሙን ተከተለው። «ከረሜላዬ ነው የጣላት በለኝ፣ ልወቀው።»

«የእሷን በሽታ ከረሜላ አላመጣውም» አለ ሐኪሙ። «ሰውነቷ ስኳሩን የሚያሠራውን ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል፤ ለምን እንደሆነ እኛም አናውቅም። ለስላሳው ግን ቶሎ አፋፍ ላይ አደረሳት። ይኸ በር ላይ የቆመው ልጅ ያንተ ነው?»

«አንዋር ነው።»

«ጣቱን አምጣ።»

የአንዋርን ደም አይቶ ሐኪሙ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፈ። ከጥቂት ቀን በኋላ በባዶ ሆዱ አስመጥቶ ደግሞ መረመረው። «የዚህኛው ግን ሌላ ነው» አለ። «ገና አልታመመም፤ መንገዱን ግን ጀምሮታል። ይሄንን በገዛ እጃችን ነው የምናመጣው። አሁን ከመለሳችሁት ይመለሳል።»

ኑርዬ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ «ማሻ አላህ» የተባለለትን ጉንጭ እንደ ባዕድ ጉንጭ አየው። ሱቁ እንደተመለሰ ከረሜላውን ከመደርደሪያ አወረደ፣ ለስላሳውን ከፍሪጅ አወጣ። የደንበኛው ግማሽ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ።

መዲና ከሐኪም ቤቱ አልወጣችም። ነርሷ የኢንሱሊን አወጋግ ስታስተምራት መጀመሪያ በባዶው መርፌ የራሷን ጭን ወጋች። «ምን ያህል እንደሚያም ሳላውቅ እሷን አልነካም» አለች። የልብስ ሰፊ እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ሉባባ ከእሷ በቀር ማንንም አላስጠጋ አለች።

ልጅቷ ስትወጣ ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ አዘዘ። «ፈረቃ የሚባል ነገር አበቃ። የምትበላውን የሚያይ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሚሰጥ አንድ ቤት ይሁን። በሦስት ቤት ከዞረች ደግሞ ትወድቃለች፤ ዳግመኛ ላትነሳ ትችላለች።»

ሦስቱም ወደ አባታቸው ወደ ሸህ ይመር ሄዱ። ሽማግሌው ልጅቷን ከጎናቸው አስቀምጠው «ተናገሩ» አሉ።

ሰዓዳ፣ «ባሌን የበላውን በሽታ አውቀዋለሁ። ያ ብርጭቆ አፏ ቢደርስ ኖሮ ዛሬ አትቀመጥም ነበር» አለች።

«እያወቅሽ ሳምንት ሙሉ ዝም ብለሽ?» አላት ኑርዬ።

ኑርዬ፣ «ንብረቴን መንገድ ላይ ደፍቼ አደረስኳት። መድኃኒቷ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ያለው እኔ ቤት ብቻ ነው። የለስላሳውን ቦታ ለእሷ ለቅቄያለሁ» አለ።

«አንዋርስ?» አለች መዲና። «የራስህን ልጅ አይተኸው ታውቃለህ?»

መዲና፣ «እኔ ቤት ድሮም ከረሜላ አልገባም። በየቀኑ የምትወጋት እጅ የእኔ ናት» አለች።

«የገረፈቻትስ እጅ የማን ናት? ውሃ የቆለፈችውስ?» አለች ሰዓዳ።

መዲና አንገቷን ደፋች። «የእኔው ናት» አለች።

ሸህ ይመር ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ የት ይሻልሻል፣ ልጄ?»

ሉባባ በጥያቄ መለሰች። «የሚመጣው ዒድ ስዞር አታስቀሩኝም?»

ሰዓዳ፣ «ትዞሪያለሽ። ቀድሜሽ በየደጁ ሄጄ ከረሜላውን በገብስ ቆሎ አስለውጥልሻለሁ» አለች።

ኑርዬ፣ «ትዞሪያለሽ። ያገኘሽውን ሁሉ እንዳለ አምጪልኝ፣ በልብስ እለውጥልሻለሁ፤ ለአንዋርም እንደዚያው» አለ።

መዲና፣ «አትዞሪም። አልዋሽሽም፣ አትዞሪም። እኔም ከቤት አልወጣም፤ አብረን እንውላለን» አለች።

ልጅቷ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ ቀጥላም ውሃ ለመነች። ሦስቱም ተነሡ፤ ሦስት ብርጭቆም ፊቷ ተደረደረ።

ሸህ ይመር ብርጭቆዎቹን አይተው ፍርዱን ለማግስቱ አሳደሩት። በማግስቱም አልፈረዱም፤ የሰፈሩን ሰው ሰብስበው ጥያቄውን ጉባኤው መካከል ጣሉት፤ እዚያም ገና ይከራከሩበታል። እናንተም በልጅቷ ቦታ ተቀምጣችሁ አስቡት፤ ጉንዳኑን ያየችውን ዓይን፣ ሐኪም ቤት ያደረሳትን ባጃጅና በየቀኑ የምትወጋትን እጅ፣ የእያንዳንዳቸውንም ጥፋት አብራችሁ ደምሩ። ሉባባ ከሦስቱ ብርጭቆ የማንን ታንሣ? ማንኛው ቤት ይገባታል?