የሟቹ በቅሎ

ፊታውራሪ ጓንጉል በስተርጅና ዓለም በቃኝ ብለው መነኮሱ። ለሚመነኩስ ሰው ሥርዓቱ ነውና፣ ለዓለም ሞቱ ተብሎ በሰሌን ተጠቅልለው የሙታን ፍትሐት ተደረገላቸው። ከዚያ በፊት ግን ርስታቸውን ለልጆቻቸው፣ የሚወዷትን ሰጋር በቅሎ ደግሞ ምላሱ ለማያርፈው አራሻቸው ሰጥተው ነበር።

ርስቱንም ማዕረጉንም ረሱ፤ በቅሎዋ ግን ከልባቸው አልወጣ አለች። ጸሎት ላይ ቆመው ሳይቀር ኮቴዋ ይሰማቸው ጀመር። ስለዚህ በሁዳዴ አጋማሽ ከገዳሙ ወርደው፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አራሹን ሰው ፊት ያዙት።

"በል እውነቱን ተናገር፤ ያቺ በቅሎ የማን ናት?" አሉት፣ እንደ ድሮው በቁጣ። የእርስዎ ናት ቢል ሊወስዷት፣ የእኔ ናት ቢል ጌታውን የካደ ሊያሰኙት ነው።

አራሹ ነጠላውን አጣፍቶ እጅ ነሣ። "አባ፣ የጌታዬ የፊታውራሪ ጓንጉል ነበረች፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ፍትሐታቸው ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ።"

"እኔ እኮ ነኝ ጓንጉል! አታውቀኝም?" ብለው ጮኹ።

አራሹ ወደ ሕዝቡ ዞረ። "ሰማችሁ ወገኖቼ? ጌታዬ ከሙታን ተነሥተዋል! በሉ ደወሉን ደውሉና ሁላችንም ጾም እንፍታ፤ እኔም በቅሎዋን ጭኜ ላምጣ።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። መነኩሴውም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ሞቱበት ገዳም በእግራቸው ተመለሱ።