ድንጋይ ላይ የተፈተገችው ሙሽራ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ኧረ ድምፃችሁ የት ገባ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን፣ ደንገል በከበበው ሐይቅ ውስጥ ስንዱ የምትባል ዓሣ ነበረች። ታጭታ ነበርና ሠርጓ ደረሰ። በዓሦች አገር ደግሞ ወግ አለ። አማቲቱ ትመጣና ሙሽራዋን ከራሷ እስከ ጭራዋ በክንፏ ትዳብሳታለች። ካልወደደቻት ሠርጉ ቀረ!

ስንዱን ጭንቅ ያዛት። ገላዋ ዝልግልግ ነዋ።

፦ ወይ ጉዴ! ይህን ሙልጭልጭ ገላ ነክታ ተጸይፋኝ ብትሄድስ?

ሐይቁ ዳር ሴቶች ነጠላ ያጥባሉ። በእንዶድ ያሻሉ፣ ድንጋይ ላይ ይፈትጋሉ። ያደፈው ነጠላ ወተት መሰለ። ስንዱ አየችና፦

፦ እኔስ ከነጠላ በምን አንሼ! አለች።

ሄደችና ሻካራ ድንጋይ ላይ ገላዋን ፈተገችው። እንዶዱን አለመንካቷ በጀ። ነክታው ቢሆን ዓሣ ገዳይ ነውና ተረቱ እዚህ ላይ አልቆ፣ እናንተም ትተኙ ነበር።

ዝልግልጉ ሁሉ ተገፈፈ። ስንዱም ደስ አላት። ከዚያም ገላዋን ያሳክካት ጀመር። አልቅት መጣና ጎኗ ላይ ልጥፍ አለ።

፦ ውረድ! አለችው።

፦ ለምን ብዬ? እስከ ዛሬ ልወጣብሽ ስል እያዳለጠኝ ስወድቅ ኖርኩ። ዛሬ ገና ደህና መቀመጫ አገኘሁ! አለና ዘመዶቹን ጠራ።

የተፋቀው ቦታ ሁሉ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ አበቀለ። ስንዱ መዋኘት አቃታትና ደንገሉ ሥር ተኛች። በዚህ መሐል አማቷ እሜቴ ውዳላት ከች አሉ።

፦ አንቺ ልጅ! ዝልግልግሽን ምን በላው?

፦ ፈተግኩት፣ እሜቴ። እንዳይጸየፉኝ ብዬ።

፦ አበስኩ ገበርኩ! እኔ የምዳብሰው እሱን ፍለጋ አይደል እንዴ! ልብስሽ እኮ ነው። ተባይ ሊለጠፍብሽ ሲል ያንሸራትተዋል። በሽታውንም ይዞት በውኃ ታጥቦ ይሄዳል፣ ከሥርም አዲሱ ይተካል።

ስንዱ አለቀሰች። ውኃ ውስጥ ዕንባ ማን ያያል? እሜቴ ግን አዩ።

፦ እንግዲህ ሠርጉ ቀረ?

፦ ምን ያስቀረዋል! ልጄ ይጠብቃል። አንቺ ብቻ ድንጋይ ጋ ዝር እንዳትዪ!

እሜቴ አልቅቶቹን በአፋቸው አንድ በአንድ ነቀሉና አጠገቧ ቁጭ አሉ። ሌላ አልቅት ሲመጣ ያባርራሉ፣ ስንዱ ልታክ ስትል ይቆጣሉ። እየቆየም ዝልግልጉ ከቆዳዋ ውስጥ ወዛ ወዛ አለና ሻጋታው ረገፈ።

ከዚያም እሜቴ ክንፋቸውን ዘርግተው ዳበሷት። ገና ትከሻዋን ሲነኩ አዳለጣቸውና በራሳቸው ደንገሉ ውስጥ ተተከሉ! እሜቴ ራሳቸው ጭቃ፣ አፋቸው ሣር ሆኖ ብቅ አሉና፦

፦ እልልልል! ልጄን ጥሩት! አሉ።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። በሉ ከዳቦው ቆረስ አድርጉና አጉርሱኝ። ከዳሩ አይደለም፣ ከመሐሉ!