እስከ መጨረሻው ያልተሰማ ውጤት

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። በርበሬ ቀንጥሳ፣ አድርቃ፣ በገበያ ቀን የምትሸጥ፤ ትዳር ያላት፣ ልጆች ያሏት። ያመማት ነገር አልነበረም። የሰፈሯ ሴቶች ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ፣ «እኔስ ከማን አንሳለሁ» ብላ አብራቸው ሄደች። ናሙና ሰጠች፣ ተመለሰች፣ ረሳችው።

ውጤቱ ሲመጣ ተጠራች። ነርሷ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻትና፣ «ደብሬ፣ ናሙናሽ ላይ የተለወጡ ሴሎች ታይተዋል» አለቻት።

ነርሷ ከዚያ በኋላም ተናግራለች። ደብሬ ግን አልሰማችም። የነርሷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ቃሉ አይገባትም። ጆሮዋ ጭው አለ። ነጠላዋን ሰብስባ ብድግ አለችና «እሺ፣ እሺ» እያለች ወጣች።

«ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም!» የሚል ድምፅ ተከተላት። ዞር አላለችም።

ለምን ትዙር? ሞቷን ሰምታለች። ሞቱን የሰማ ሰው ምን ቀረኝ ብሎ ይጠይቃል?

ለባሏ ለዋሴ ትንፍሽ አላለችም። እንደ ወትሮዋ ትስቃለች፣ ትነግዳለች፤ በሆዷ ግን ራሷን ቀብራለች። የትንሿን ልጇን ፀጉር ስትጎነጉን «ከእኔ በኋላ ማን ይሠራላታል?» ትልና እጇ እመሐል ላይ ይቆማል። ልጅቷ «እማዬ፣ አለቀ?» ትላታለች። ነርሷ ሰው ስትልክባት «የለችም በሏት» አለች። መሄድ ለምን? ያንኑ ደግሞ ለመስማት?

በመጨረሻ ምን አደረገች መሰላችሁ? በሕይወት ቁጭ ብላ ለባሏ ሚስት ፈለገች! የአክስቷ ልጅ ትርንጎ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖራለች። ወደ እሷ ሄደች።

«ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እምቢ እንዳትይኝ።»

«ምነው? ምን ሆንሽብኝ?»

«እኔ ስሞት ዋሴን አግቢው። ልጆቼ ባዳ እጅ እንዳይወድቁ።»

ትርንጎ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «ማን ነው ትሞቻለሽ ያለሽ?»

«ሲስተሯ።»

«ምን ብላ? ቃሉን ንገሪኝ።»

«የተለወጡ ሴሎች ታይተዋል አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

ደብሬ አቀረቀረች። «ከዚያማ... ወጣሁ።»

«ሳትጨርስልሽ?» ትርንጎ ነጠላዋን ከግድግዳው ላይ አነሳች። «ዋሴንማ ለራስሽ ያዢው፤ ማንኮራፋቱ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ተነሽ፣ እንሂድ!»

ነርሷ ስታያቸው አልተቆጣችም። ያንኑ ወንበር ሳበችላት።

«ስሚኝ ደብሬ። ተለወጠ ማለት ካንሰር ሆነ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ለውጥ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን ችላ ከተባለ፣ ዓመታት ቆይቶ ካንሰር ይሆናል። ያንቺ የትኛው እንደሆነ በደንብ መታየት አለበት። ያን ዕለትም ልነግርሽ የነበረው ይህንኑ ነው።»

«እና... አልሞትም?»

«የሞትሽን ቀን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። እኔ የጠራሁሽ በዚህ እንዳትሞቺ ነው።»

ደብሬ ወደ ሆስፒታል ተላከች። በማጉያ መሣሪያ አዩላት፤ ከቦታው ቅንጣት ወስደው መረመሩ። ካንሰር አልነበረም። ግን የሚተውም አልነበረም። የተለወጠውን ቦታ አነሱላትና የዚያኑ ዕለት ቤቷ ገባች።

ያን ጊዜ ነው ለዋሴ ሁሉን የነገረችው። ዋሴም «ብቻሽን?» አላት። «ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ፣ እኔ አጠገብሽ ተኝቼ?» እሷም አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ለክትትል ስትጠራ አብሯት ይሄዳል።

አሁን ልጠይቃችሁ። ደብሬን ሊገድላት የነበረው ምን ነበር? ሴሎቹ ናቸው? ሴሎቹማ ገና መድኃኒት ነበራቸው። ሊገድላት የነበረው በግማሽ የተሰማ ቃል ነው!

እኛስ? ጉድለታችን ሲነገረን ምን እናደርጋለን? አንዳንዶቻችን «አልቆልኛል» ብለን እንሸሻለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ምን አለበት፣ ይተወኛል» ብለን እንተኛለን። አንዱ ፈርቶ፣ ሌላው ንቆ፤ ሁለቱም ግን አልሰሙም።

እግዚአብሔር ቁስላችንን የሚያሳየን ሊቀብረን ይመስላችኋል? ሊቀብር የፈለገማ ለምን ይጠራል? ዝም ይል የለም? የሚጠራን ጊዜ ስላለን ነው። ገና ስላልረፈደ ነው።

እህቶቼ፣ ስለ ነፍስ ብቻ እየተናገርኩ አይደለም። ተመርመሩ። ውጤት ሲነገራችሁ ተቀምጣችሁ አስጨርሱ። ያልገባችሁን «እስቲ ድገሚልኝ» በሉ፤ አያሳፍርም። ከፈራችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እናንተም ባሎች፣ ሚስቶቻችሁ ዝም ሲሉ «ደህና ናት» ብላችሁ አትለፉ። ጠይቁ።

ከመካከላችሁ ተጠርቶ የቀረ፣ ሳያስጨርስ የወጣ ሰው ይኖራል። ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ። መጀመሪያ ወደ ተጠራችሁበት ሂዱ።